የተደላደለ ሜዳ፣ የጠበበ ጥያቄ፦ በሬዲዮ የሚመሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች እሽቅድምድምና የአፈር ሜዳ ዕጣ

ተወዳዳሪዎቹ ከሜዳው ዳር በተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በእጃቸው ያለው የሬዲዮ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። የሚነዷት መኪና የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ያህል ሆና፣ ከእነርሱ በብዙ ሜትር ርቃ፣ በጉብታና በጎድጓዳ መካከል ትሮጣለች። መኪናዋ ከነጂው ስትርቅ ግራው ግራ፣ ቀኙም ቀኝ ነው፤ ፊቷን ወደ እርሱ ስትመልስ ግን ግራና ቀኝ ይገለበጣሉ። ከጉብታ ተወርውራ አየር ላይ ሳለች እንኳ ነጂው ሥራ አይፈታም፤ ኃይል ሲጨምር አፍንጫዋ ቀና ይላል፣ ፍሬን ሲይዝ ይደፋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ይህን ውድድር ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ሰው ሁለት ነገሮችን ለማለት ይቸኩላል። አንዱ የልጆች መጫወቻ ነው ማለት ነው፤ ሌላው የቴክኖሎጂ ፉክክር ነው ማለት ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል፣ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ ይስቱታል። ውድድሩን ውድድር ያደረገው ሰዎች በፈቃዳቸው የተቀበሉት ገደብ ነው፤ ከገደቦቹም ሁሉ የቀደመው መሬቱ ራሱ ነበር። ከቅርብ ዓሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ገደብ ቀስ በቀስ እየተነሣ ነው፤ አፈሩ በምንጣፍና በሰው ሠራሽ ሣር እየተተካ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ለውጡ በምክንያት የመጣ ቢሆንም ያለ ገደብ ከቀጠለ ስፖርቱ ይለካ የነበረውን ነገር ያሳጣዋል የሚል ነው። ጉዳዩ ከአንድ የትርፍ ጊዜ ስፖርት አልፎ፣ መለኪያን ማጥራት መቼ የሚለካውን ነገር መቀነስ ይሆናል የሚለውን፣ ለማንኛውም ተመራማሪ የማይቀር ጥያቄ ይነካል።

የስፖርቱ ታሪክ አጭር ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሳንድ ስኮርቸርና ራፍ ራይደር የተባሉትን ሞዴሎች ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከአስፋልት ውጪ የሚሮጡ በሬዲዮ የሚመሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዙ አገሮች ቤተሰብ ዘንድ ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1984 የካሊፎርኒያው ቲም አሶሼትድ አርሲ10 የተባለችውን፣ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሻንሲ ያላትንና ከመነሻዋ ለእሽቅድምድም የታሰበችውን መኪና አወጣ። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በምሕፃሩ ኢፍማር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሞዴል መኪና እሽቅድምድም ፌዴሬሽን በዘርፉ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና በካሊፎርኒያ ዴል ማር አካሄደ። በኋላ ጎማዎቻቸው ብቻ በሚነዱት መኪኖች ምድብ ጄይ ሃልሲ፣ በአራቱም ጎማ በሚነዱት ምድብ ጊል ሎሲ ጁኒየር አሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ሮምሲ በተደረገው ሻምፒዮና አሜሪካዊው ጆኤል ጆንሰንና ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ጃፓናዊው ማሳሚ ሂሮሳካ የየምድባቸውን ዘውድ ወሰዱ። ሂሮሳካ በኋለኞቹ ዓመታት በአስፋልትም ሆነ ከአስፋልት ውጪ ባሸነፋቸው ውድድሮች የዓለም ሻምፒዮንነት ክብሮቹን 14 አድርሷል።

የውድድሩ ሥርዓት ከታሪኩ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። በማጣሪያው ወቅት መኪኖቹ አንድ በአንድ እየተለቀቁ ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ ነጂ የሚሮጠው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። በየመኪናው ውስጥ የተቀመጠ ትራንስፖንደር የተባለ ትንሽ መሣሪያ በመነሻው መስመር ላይ በተዘረጋ ሽቦ ባለፈ ቁጥር ዙሩና ሰዓቱ ይመዘገባል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ውጤቱ የዙር ብዛትና የሰዓት ድምር ነው። በዓለም ሻምፒዮና ከማጣሪያው የተመረጡት ምርጥ አሥሩ በከፍተኛው ፍጻሜ ይገናኛሉ፤ ፍጻሜውም ሦስት ጊዜ ተሮጦ የእያንዳንዱ ነጂ ሁለቱ የተሻሉ ውጤቶች ይቆጠሩለታል። አንድ ክፉ አጋጣሚ የሁለት ዓመት ዝግጅትን እንዳያጠፋ የታሰበ ብልሃት ነው።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ በጣም የሚያስገርመው የማንሻ ግዴታው ነው። አንድ ነጂ የራሱን ዙር ሲጨርስ መኪናውን አስቀምጦ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ በተመደበለት ጥግ ቆሞም የቀጣዩ ምድብ ተወዳዳሪዎች መኪና ሲገለበጥ እየሮጠ ያቃናል። የሚያነሣት መኪና የተፎካካሪው ልትሆን ትችላለች፤ ቢሆንም ፈጥኖ ማንሣት አለበት። ግዴታውን ያልተወጣ ሰው በብዙ ውድድሮች ከማጣሪያ ውጤቶቹ ምርጡ ይሰረዝበታል። የእኛ ገበሬ ይህን ሥርዓት ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ወንፈል ነው። ዛሬ የሌላውን ማሳ ያረሰ ነገ የራሱ ይታረስለታል። ወንፈል የሚጸናው በቸርነት ብቻ አይደለም፤ ተራው የማይቀር መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። በእሽቅድምድሙም የዓለም ሻምፒዮኑና የመጨረሻው ጀማሪ በተራቸው በአንድ ጥግ ቆመው የሌላውን መኪና ከአቧራ ያነሣሉ። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ እንደሚሰለፉት ሁሉ፣ ሜዳው ማዕረግን ለጥቂት ጊዜ ያነሣል።

ሁለተኛው ዓይነት ገደብ በመኪናዋ ላይ የሚጣለው ነው። የመኪናዋ ስፋት ከ250 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ሁለት ሴል ያለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲሞላ ከ8.4 ቮልት ማለፍ አይፈቀድለትም፤ ይህም ከውድድር በፊት በመለኪያ ይረጋገጣል። ሞተሩም በሽቦው የጥቅልል ብዛት ይመደባል፤ ጥቅልሉ ባነሰ ቁጥር ሞተሩ ይፈጥናል። በነጻው ምድብ ነጂው የሻውን መምረጥ ሲችል፣ በተገደበው ምድብ ግን ብዙውን ጊዜ ባለ 17.5 ጥቅልል ሞተር ብቻ ይፈቀዳል። በዚህ ምድብ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ለሞተሩ ተጨማሪ ቅድሚያ እንዳይሰጥ ይከለከላል፤ ክልከላው መከበሩ እንዲታይም በመሣሪያው ላይ ያለች ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም እንድትል ተደርጋለች። ዳኛው የመሣሪያውን ሆድ መክፈት አያስፈልገውም፤ መብራቷን ማየት ይበቃዋል።

እነዚህ ገደቦች ፍጹም አይደሉም። ሞተሩ ሲገደብ ገንዘቡ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ወደ ቀለለ ብሎን፣ ወደ ለሰለሰ ኩሽኔታ፣ ከብዙዎች መካከል ተለክቶ ወደ ተመረጠ የሞተር ማግኔት። በአንድ በር የተዘጋበት ወጪ በሌላው ይገባል። ሆኖም የገደቡ ዓላማ ወጪን ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም፤ በነጂና በነጂ መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት ከገንዘብ ልዩነት በላይ እንዲታይ ማድረግ ነው። በዚህ መለኪያ ሲመዘኑ ገደቦቹ በአብዛኛው ሠርተዋል ማለት ይቻላል።

የሜዳው ነገር ሲነሣ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውድድሩ የሚካሄደው በተገኘው አፈር ላይ ነበር። ጠዋት ውኃ ተረጭቶ የረጠበው መሬት በቀትር ይደርቃል፤ የጎማዎቹ መመላለስ አንዱን መስመር እያጠነከረ ሌላውን ያቦናል፤ ከጉብታው ማዶ ጠዋት ያልነበረ ጎድጓዳ ከሰዓት በኋላ ይፈጠራል። ነጂው ጎማ ሲመርጥ የሚመርጠው ላየው መሬት ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይሆናል ብሎ ለገመተው መሬት ነበር። ጎማው ባለ ረጅም ሹል ይሁን ባለ አጭር፣ ላስቲኩ ለስላሳ ይሁን ጠንካራ፣ የንዝረት ማርገቢያው ዘይት ይቅጠን ይወፍር፣ ሁሉም የትንበያ ጥያቄዎች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ በደረጃ መጣ። በአሜሪካ ብዙ ሜዳዎች በጣሪያ ሥር ገቡ፤ ሸክላ አፈሩ ተጠቅጥቆ፣ በአንዳንድ ቦታም ጎማ ቆንጥጦ እንዲይዝ የስኳር ውኃ እየተረጨበት፣ ገጹ እንደ ወለል ጠነከረ። በአውሮፓ ደግሞ ዝናብና ክረምት የሚያስቸግራቸው ክበቦች ወደ ምንጣፍና ወደ ሰው ሠራሽ ሣር ዞሩ። መኪኖቹም ሜዳውን ተከትለው ተለወጡ። በላላ አፈር ላይ ሞተሩ ከኋላው አክስል ጀርባ ይቀመጥ ነበር፤ ክብደቱ የኋላ ጎማዎቹን እየተጫነ መሬቱን እንዲይዙ ያደርጋል። ጎማ የሚይዝ ሜዳ ሲመጣ ይህ ጥቅም ወደ ጉዳት ተለወጠ፤ ሞተሩም ከአክስሉ ፊት፣ ወደ መኪናዋ መሃል ገባ። እንደ ድሮው የመንሸራተት ችግር ሳይሆን ጎማው ከልክ በላይ ሲይዝ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ችግር የነጂው ጭንቀት ሆነ። ለአፈር የተሠራች መኪና በምንጣፍ ላይ፣ ለምንጣፍ የተሠራችውም በአፈር ላይ እንግዳ ናት።

ለውጡን የሚደግፉ ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። አፈር አድካሚ ነው፤ ውኃ፣ መጠቅጠቂያና በየሳምንቱ ሜዳውን የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። አቧራው ኩሽኔታና ሞተር ይበላል፤ ይህም ለጀማሪ ተጨማሪ ወጪ ነው። ምንጣፍ ግን ጠዋት በተከራዩት የስፖርት አዳራሽ ተዘርግቶ ማታ ይጠቀለላል፤ የራሱ መሬት የሌለው ክበብም መወዳደር ይችላል። ከሁሉ በላይ የፍትሕ ክርክር አለ፤ በአፈር ላይ ጠዋት የሮጠና ከሰዓት በኋላ የሮጠ ሰው በአንድ ሜዳ ተወዳደሩ ማለት ያስቸግራል። ምንጣፍ ላይ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ምድብ አንድ ዓይነት መሬት ያገኛል፤ የሰዓት ልዩነቱም የችሎታ ልዩነት ብቻ ይሆናል።

የመጨረሻው ክርክር ከሁሉ የሚጠነክረው ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ መመርመር አለበት። ለምርመራው የሚረዳው ከዚሁ ስፖርት ታሪክ የሚገኝ ሌላ ለውጥ ነው። ቀደም ባለው ዘመን መቆጣጠሪያዎቹ የሚሠሩት እንደ 27 ሜጋኸርዝ ባሉ ጠባብ ሞገዶች ላይ ነበር። እያንዳንዱ ነጂ የራሱን ቻናል የሚወስን ክሪስታል ይሰካ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ሳያውቁ በአንድ ቻናል ከገቡ አንዱ የሌላውን መኪና ያሳብደዋል። አዘጋጆች ምድብ ሲደለድሉ ከችሎታ በፊት የሞገድ ድልድል ያስጨንቃቸው ነበር። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ፣ መቆጣጠሪያውን ከመኪናው ጋር ለይተው የሚያስተሳስሩ መሣሪያዎች ሲመጡ ይህ ችግር ጠፋ። በመጥፋቱ ማንም አላዘነም፤ የሚያዝንበትም ምክንያት አልነበረም። የሞገድ ግጭት የነጂውን ችሎታ የሚፈትን ነገር አልነበረም፤ ከውድድሩ ዓላማ ውጪ የሆነ እንከን ነበር።

የአፈሩ መለዋወጥ ግን እንደ ሞገድ ግጭት ያለ እንከን ነውን? ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። መለዋወጡ የመለኪያው ስሕተት ከሆነ መወገዱ ትክክል ነው። የሚለካው ነገር አካል ከሆነ ግን ማስወገዱ መለኪያውን አያጠራም፤ የሚለካውን ይለውጣል። ከመንገድ ውጪ የመንዳት ችሎታ ማለት የማይታመንን መሬት አንብቦ፣ ገምቶና ተላምዶ መንዳት ከሆነ፣ መሬቱን ታማኝ ማድረግ ፈተናውን ከፈተናው ማውጣት ነው። የሚቀረው ችሎታ ትንሽ አይደለም፤ መስመርን በሚሊሜትር መጠበቅ፣ ዝላይን በትክክል ማሳረፍ፣ ለአምስት ደቂቃ አለመሳሳት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሌላ ችሎታ ነው። ሰዓቱ ይበልጥ ትክክል ሆኗል፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ጠብቧል።

ተመራማሪዎች ይህን ችግር በሌላ ስም ያውቁታል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ሁኔታዎችን አጥብቆ የሚቆጣጠር ጥናት ውጤቱን ደጋግሞ ያገኛል፤ ውጤቱ ከቤተ ሙከራው በር ውጪ ይሠራ እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይናገርም። በተመረጠ ማሳ፣ በተመጠነ ውኃ የተፈተነ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ ሌላ ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል የግብርና ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቁጥጥርን መተው አይደለም። የትኛው መለዋወጥ እንከን፣ የትኛው ደግሞ ራሱ የጥናቱ ጉዳይ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት ነው።

የፍትሕ ጥያቄውም ያለ ምንጣፍ መልስ የለውም ማለት አይደለም። ስፖርቱ ራሱ መልሶችን አበጅቷል። ከልምምዱ በኋላ ተቀራራቢ ፍጥነት ያላቸው ነጂዎች በአንድ ምድብ እንዲሮጡ ሲደረግ፣ ለአንደኛነት የሚፎካከሩት ሰዎች መሬቱን በአንድ ሰዓትና በአንድ ሁኔታ ያገኙታል። በብዙ ታላላቅ ውድድሮች እንደሚደረገው ማጣሪያው በየዙሩ ነጥብ ሲቆጠር ደግሞ፣ በደረቅ ሰዓት የተመዘገበ ውጤት በእርጥብ ሰዓት ከተመዘገበው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። የፍጻሜው ሦስት ጊዜ መሮጥም የዕድልን ድርሻ ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ መሬቱን ሳይነኩ ሚዛኑን የሚያስተካክሉ መንገዶች ናቸው።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል። ከምንጣፍ በፊትም አፈሩ ቢሆን የተፈጥሮ አልነበረም፤ ይጠቀጠቅ፣ ይረጭ፣ ስኳር ይጠጣ ነበር ይባላል። ትክክል ነው። በሰው እጅ ባልተነካና በተነካ ሜዳ መካከል የተሰመረ ጥርት ያለ ድንበር የለም። ነገር ግን ድንበር ማጣት ልዩነት ማጣት አይደለም። የተሠራ አፈር እንኳ በቀኑ ውስጥ ይለወጣል፤ ይደርቃል፣ ይቦካል፣ ይጎደጉዳል። ምንጣፍ ግን ማታም ጠዋት እንደነበረው ነው ለማለት ይቀርባል። መጠየቅ ያለበት ሜዳው በሰው እጅ መሠራቱ አይደለም፤ ከተሠራ በኋላ ነጂውን ሊያስደንቀው መቻሉ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በየሁለት ዓመቱ እንዲካሄድ የታሰበው የዓለም ሻምፒዮና በአፈርና በሰው ሠራሽ ሜዳ እየተፈራረቀ እንዲደረግ በደንብ ይወሰን። ይህ አስተናጋጅ አገሮችን ያጠባል የሚባል ቢሆንም፣ ሙሉውን የሻምፒዮንነት ትርጉም ለአንድ ዓይነት ሜዳ አሳልፎ ከመስጠት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ውጤት ሲመዘገብ የሜዳው ዓይነትና ሁኔታ አብሮ ይመዝገብ፤ ሙከራው በምን ሁኔታ እንደተደረገ የማይናገር ውጤት በየትኛውም የምርምር መጽሔት አይታተምም፣ እዚህም ሊታለፍ አይገባም። ሦስተኛ፣ ሰው ሠራሽ ሜዳ በሚመረጥበት ቦታ የመሮጫው ቅርጽ እስከ ውድድሩ ዋዜማ ሳይገለጥ ይቆይ፣ የልምምዱም ሰዓት ይገደብ፤ መሬቱ የማያስደንቅ ከሆነ ቢያንስ ቅርጹ ያስደንቅ።

ከእነዚህ ሐሳቦች አንዱም የየሰፈሩን ክበብ አይነካም። ዝናብ በሚበዛበት ከተማ፣ አዳራሽ ተከራይተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው በምንጣፍ ላይ የሚሮጡ ሰዎች ስፖርቱን በሕይወት ያቆዩ ናቸው። ያለ እነርሱ ሻምፒዮናም፣ ክርክርም አይኖርም ነበር። ጥያቄው ለከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ስሙን ከሜዳው የወሰደ ሻምፒዮና ስሙ የሚጠራውን ነገር ሊፈትን ይገባዋል።

የማንሻ ግዴታው አሁንም በሁሉም ሜዳ ላይ ጸንቶ ይገኛል፤ አሸናፊው ዛሬም ከመድረኩ ወርዶ የሌላውን መኪና ያቃናል። ይህ ሥርዓት ያልጠፋው ከዘመናዊ ቴክኖሎጂ የተሻለ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሜዳው የጋራ መሆኑን፣ በሜዳውም ላይ ሁሉም መውደቅ እንዳለበት ለሁሉም በየሰዓቱ ስለሚያስታውስ ነው። ማንም የማይወድቅበት ሜዳ የሚያነሣም አያስፈልገውም። የዘርፉ አስተዳዳሪዎች ሜዳውን ሲያደላድሉ፣ ከጎድጓዳው ጋር ምን አብሮ እንደሚደፈን ቆም ብለው ቢመዝኑ መልካም ነው።